ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ!

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ቤት ለመግዛትም ሆነ ለመሸጥ ላሰባችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ፣ ከደመወዙ ግማሹን ለአከራይ እየገበረ፣ "መቼ ይሆን የራሴ በር ቁልፍ ኪሴ የሚገባው?" የማይል ወጣት ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! የለም። ኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ዕድል ነው። የሪል እስቴቱንም ነገር ማስታወቂያውን አይቶ፣ ተመኝቶ ማለፍ ነው። ታዲያ በእኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልጆች ዘንድ አንድ ነገር እየተለመደ መጥቷል። "እዚህ ካልሆነ እዚያ!" ይሉታል። አዲስ አበባ ላይ የመኝታ ቤት ወለል በማይገዛ ገንዘብ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ግቢ ያለው ቤት ይገኛል ነው ነገሩ።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ወዳጆቼ በስልክ ያማክሩኛል። "ስማ፣ ነፋስ መውጫ ላይ የ60 ቆርቆሮ ቤት ተገኘልኝ፤ መንገድ ዳር ነው፤ ልግዛው እንዴ?" ይለኛል አንዱ። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፦ "ወረቀቱ በማን ስም ነው?" ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይሆናል። ለምን እንደምጠይቅ እንነጋገር።

ገበያው ከየት መጣ?

ነፋስ መውጫን የማያውቅ ካለ፣ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ ነፋሱ ከጉና በኩል ሲመጣ ጋቢ አያስጥልም! ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት መንገድ መሐል ለመሐል ያልፍባታል። ይህ መንገድ ነው ከተማዋን ያሳደጋት። አርብ ገበያ የታች ጋይንት፣ ወገዳ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ ደግሞ የእስቴ ወረዳ መቀመጫ ናቸው። የወረዳ ከተማ ማለት መምህር አለ፣ ነርስ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የግብርና ባለሙያ አለ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ተከራይ ናቸው።

ሌላም ተከራይ አለ፤ ተማሪው። ከገጠር ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር መጥቶ፣ ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ አገሩ ወርዶ ስንቁን ይዞ የሚመለሰው ልጅ ማለቴ ነው። (ከእኛ መሐል በዚህ ያላለፈ ስንቱ ነው?) ስለዚህ ከዋናው ቤት ጀርባ አራት አምስት ክፍል ሰርቪስ ያለው ግቢ ተፈላጊ ነው። ኪራዩ ትንሽ ቢሆንም አይቋረጥም።

ገዢው ደግሞ ማን ነው? ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚልክ ልጅ፣ ዓረብ አገር ሠርታ ገንዘብ ያጠራቀመች እኅት፣ ልጆቹን ለማስተማር ወደ ከተማ መግባት የፈለገ ገበሬ፣ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ። ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ትንሽ ከተማ ላይ ሲዘንብ ዋጋው ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ከውጭ ገንዘብ ጋር የሚመነዘርበት ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የቆርቆሮ፣ የብረትና የሲሚንቶ ነገር የታወቀ ነው። መሥራት ሲወደድ ሰው ያለቀ ቤት ይፈልጋል፤ ያለቀ ቤት ያለውም ይህን ያውቅና ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።

የሰላሙንም ነገር ዘልለን አናልፈውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ከተማዋ ብዙ አይታለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ዓይተናል። ውጤቱ ምንድን ነው? ገዢው ቤቱን ሳያይ ይገዛል! በፎቶ፣ በስልክ፣ "አጎቴ አይቶታል" በሚል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ የምትገዙት ምኑን ነው?

"ቤት ነዋ!" ትሉኝ ይሆናል። ቀስ በሉ! መሬቱን አትገዙም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ትርፉ ተወሰደ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶችም ለቀበሌ ተሰጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ስለዚህ የምትገዙት መሬቱ ላይ የቆመውን ቤትና ቦታውን የመያዝ መብት ነው። ያ መብት የሚኖረው ደግሞ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ከሌለ የገዛችሁት እንጨትና ጭቃ ነው፤ እሱንም አፍርሱና ውሰዱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

በእነዚህ ከተሞች ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት እኔ እንደማየው ከአምስት ዓይነት አይወጣም፦

አንደኛ፣ ነባር ይዞታ። ካርታ ያለው፣ ግብር ሲከፈልበት የኖረ የቤተሰብ ቤት ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ "ስሙ ወደ እኔ ሲዞር ምን እከፍላለሁ? በየዓመቱስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ወጪ ሳይቆጥር "ረከሰልኝ" ብሎ የደነቀ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ የሊዝ ቦታ። ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ይሰጣል። ግንባታው ካልተጀመረ ወይም ግማሽ ካልደረሰ ግን ተጠንቀቁ። በዚያው አዋጅ መሠረት እንዲህ ያለ ቦታ ሲተላለፍ ሻጩ የከፈለውን ከነወለዱ፣ የሠራውን ግምትና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ትርፉ የመንግሥት ነው። "ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ" የሚባለው ጨዋታም ከዚህ ይመጣል። እንዲህ ከጻፋችሁ ነገ ክርክር ቢነሣ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ዝቅ ያለው ዋጋ ብቻ ነው!

ሦስተኛ፣ የማኅበር ቦታ። ተደራጅተው፣ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስገብተው ቦታ ከወሰዱት መሐል አንዱ "ድርሻዬን ልሽጥልህ" ይላል። ሽያጩን የማኅበሩ ደንብና የከተማው መሬት ክፍል ካልፈቀዱት፣ ገንዘባችሁ እሱ ኪስ፣ ቦታው በእሱ ስም ይቀራል።

አራተኛ፣ የቀበሌ ቤት። ይህ አይሸጥም። አለቀ! "ለ30 ዓመት ኖሬበታለሁ" የሚል ሰው ተከራይ ነው፤ ተከራይ ደግሞ የሚሸጠው የለውም።

አምስተኛ፣ ከከተማ ዳር ያለ የእርሻ መሬት። ዋነኛው ወጥመድ ይህ ነው። ገበሬው አረንጓዴ ደብተሩን አውጥቶ ያሳያችኋል። ደብተሩ እውነተኛ ነው፤ ግን የገጠር መሬት መጠቀሚያ ደብተር እንጂ የከተማ ቦታ ካርታ አይደለም። በሽማግሌ ፊት ተዋውላችሁ፣ ሌሊት ቆርቆሮ አልብሳችሁ "ጨረቃ ቤት" ብትሠሩ ነገ ሊፈርስ ይችላል። ከተማው ሲሰፋ ካሳና ምትክ የሚሰጠውም በደብተሩ ስሙ ላለው ገበሬ ነው። "ነገ ወደ ከተማ ክልል ይገባል" የሚላችሁን ደላላ "እንግዲያው ከገባ በኋላ እንገናኝ" በሉት።

"እኔና አንቺን ምን ለያየን?"

አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፤ የታች ጋይንት ልጅ ናት። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው ወለል ወልውላ ያጠራቀመችውን አርብ ገበያ ላይ ቤት እንዲገዛላት ለአጎቷ ላከች። አጎትዬውም ገዛ፤ ሰውየው ሌባ አልነበረም። ነገር ግን እሷ በአካል ስላልነበረች፣ ውክልናም ስላልላከች፣ ካርታው በእሱ ስም ወጣ።

"አያ፣ ወረቀቱስ በማን ስም ነው?" ብላ በስልክ ጠየቀችው።

"እንዴ የእኔ ልጅ! እኔና አንቺን ምን ለያየን? ስትመጪ አዞርልሻለሁ" አላት።

ሊያዞርላት አስቦ ነበር፤ እኔ በበኩሌ አልጠረጥረውም። ሞት ቀደመው እንጂ! ልጆቹ የአባታቸውን ንብረት ሲቆጥሩ ያንንም ቤት ቆጠሩት። ሚስቱም "በጋብቻችን ውስጥ የተገዛ ነው" አለች። ልጅቷ ያላት የሐዋላ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ደግሞ ገንዘብ መላኩን እንጂ ለቤት መሆኑን አይናገርም። ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የገንዘቧን ከፊል ተቀብላ ተለያዩ። ያጣችው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዛሬ አርብ ገበያ ስትገባ የምታርፍበት የዘመድ ቤት የላትም።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረባት? ካለችበት አገር ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና መላክ። ውክልናው "ነገሬን ሁሉ ይፈጽምልኝ" የሚል ጠቅላላ ነገር ሳይሆን "በእኔ ስም ቤት ይግዛልኝ፣ ካርታውን በእኔ ስም ያውጣልኝ" የሚል ልዩ ውክልና መሆን አለበት። የምትሸጡም ከሆነ እንደዚያው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ዘመድን ማመን ሌላ፣ ወረቀት መያዝ ሌላ። እንዲያውም ወረቀቱ ዘመድነቱን ያቆይላችኋል!

ቀብድ፣ ውልና ምስክር

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል (አንቀጽ 2877)። አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። በዚህ አንቀጽ ምክንያት ሰበር ችሎት ድረስ የተካካዱ ገዢና ሻጮች ጥቂት አይደሉም። እኛ አገር ግን ልማዱ ምንድን ነው? ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ ሦስት ሽማግሌ ጠርቶ፣ ከደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀዶ መፈራረም! ሽማግሌው ይከበር፣ ለእርቁና ለምስክርነቱም ይኑር። ውሉን ግን መዝገብ ያለው ቢሮ ሄዳችሁ ፈርሙ።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ከቀረ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ስትሰጡ "ቀብድ" ተብሎ ይጻፍ፣ በባንክ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን። ቀሪውን ስም ሳይዞር ሙሉ በሙሉ አትክፈሉ። ለማጠቃለያ የሚሆን በዛ ያለ ገንዘብ አስቀሩና "ካርታው በስሜ ሲወጣ" ብላችሁ ጻፉበት።

ከቀብዱም በፊት ማዘጋጃ ቤት ሂዱ፤ ካልቻላችሁ የምታምኑትን ላኩ። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ፋይሉ አለ ወይ? (ጦርነት ባለፈበት ከተማ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም።) በካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ለብድር ተይዟል? ድሮ አብቁተ የምንለው የዛሬው ጸደይ ባንክም ሆነ ሌላ ባንክ በዋስትና ይዞት ከሆነ ዕዳው ከቤቱ ጋር ይከተላችኋል። ያልተከፈለ ግብርስ? አዲሱ ፕላን መንገድ አውጥቶበት ይሆን?

አሁን ቤቱን እንየው

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ወደ ቤቱ እንሂድ። በእኛ አገር ቤት በቆርቆሮ ይቆጠራል፤ "የ40 ቆርቆሮ"፣ "የ60 ቆርቆሮ" ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህ የጣሪያውን መጠን እንጂ የግቢውን ስፋት አይነግራችሁም። ሜትር ይዛችሁ ለኩ።

አብዛኛው ቤት የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ ነው። ምሰሶው መሬት ውስጥ ተተክሎ ከሆነ ግርጌውን በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ከበሰበሰ ይገባል። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ቤት ይሻላል። ነፋስ መውጫ ላይ ከሆነ ጣሪያውን አደራ! ነፋሱ የላላ ቆርቆሮ አይምርም፤ ሚስማሩንና ወራጁን እዩ። ወደ ስማዳ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ምስጥ መኖሩን ጠይቁ። ከተቻለ በክረምት እዩት፤ በጥር ያማረ ግቢ በሐምሌ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት የተጠለፈ? ሽንት ቤቱስ? ይህን ሁሉ ሻጩን ሳይሆን ተከራዩንና ጎረቤቱን ጠይቁ። ጎረቤት ደግሞ የድንበሩንም ነገር ያውቃል።

ዋጋውን እንዴት ታውቁታላችሁ? በዚያው ሰፈር በቅርብ የተሸጡ ሦስት ቤቶችን ፈልጉና ከገዢዎቹ (ከደላላው አይደለም!) ዋጋውን ጠይቁ። ቀጥሎ አናጺ ወስዳችሁ "ይህን ቤት ዛሬ ብሠራው ስንት ይፈጃል?" በሉት። የተጠየቃችሁት ዋጋ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ትርፉ የቦታው ዋጋ ነው። ያ ትርፍ ለዚያ ቦታ ይገባዋል ወይ? ውሳኔው የእናንተ ነው። ደላላ ለገዢ አንድ፣ ለሻጭ ሌላ ዋጋ የሚናገርበት ጊዜ ስላለ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

ለምትሸጡ ደግሞ

"የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ" የሚለው ተረት ጥሩ ቤተሰብ አያፈርስም እንዳትሉ! እናትና አባት ሲያልፉ፣ አገር ቤት የቀረው ወንድም ቤቱን ይዞ ይኖራል፤ አዲስ አበባ ያለው "ይሸጥና እንካፈል" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። ልጆች ሴት ወንድ ሳይባል እኩል ወራሽ ናቸው፤ "አግብታ ሄዳለች" ብሎ እኅትን መተው ውሉን ነገ ያፈርሰዋል። አገር ቤት ሆኖ እናቱን የጦረ፣ ጣሪያውን የቀየረ ወንድም ካለ ድካሙን ቁጠሩለት። መግዛት ከፈለገም ከባዕድ በፊት ለእሱ ዕድል ስጡት።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። የጋራ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም፤ ያልፈረመው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ገዢዎችም የሻጩን የትዳር ሁኔታ ማስረጃ ሳታዩ እንዳትንቀሳቀሱ።

በችግር ጊዜ አትሽጡ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የማያጣቸው፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የኖረባቸው ወረዳዎች ናቸው። ነሐሴ ላይ እህል አልቆበት ቤት ለሽያጭ የሚያወጣ ሰው ዋጋ አይደራደርም፤ የሰጡትን ይቀበላል። ከተቻለ አንዱን ክፍል አከራዩ፣ ወይም ልጆች ተረዳድታችሁ ክረምቱን አሻግሩ። እንሽጥ ካላችሁም ካርታውን አስተካክላችሁ፣ ግብሩን ከፍላችሁ፣ ቀዳዳውን መርጋችሁ፣ ከአዝመራ በኋላ ገበያ አውጡት። ወረቀቱ የተሟላ ቤት ቶሎ ይሸጣል፤ ገዢም ለመከራከር ሰበብ አያገኝም። ገንዘቡን ደግሞ በባንክ ተቀበሉ፤ ብር በፌስታል ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ይቅር!

በመጨረሻ ሐቁን ልንገራችሁ። ቤቱን የምትገዙት ልታተርፉ ከሆነ፣ ትንሽ ከተማ ላይ የተገዛ ቤት በፈለጉት ቀን አይሸጥም፤ ገዢው ጥቂት ነውና ገንዘባችሁ ሊታሰር ይችላል። የምትገዙት ግን ለእናታችሁ ማረፊያ፣ ለታናናሾቻችሁ መማሪያ፣ ለራሳችሁም "አገሬ ስገባ የማርፍበት" ለማለት ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ግዙ።

በሉ፣ ወረቀቱ በስማችሁ ወጥቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ እኛም "ቤት ለእንቦሳ!" ለማለት ያብቃን። እናንተም "እንቦሳ እሰሩ!" በሉን።